የእንግሊዝኛ ቃላትን በላቲን ሥረ ቃል ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ሳስጠና፣ የላቲን ሥረ ቃላትን በደስታ የተቀበሉ ተማሪዎች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ዘዴ ምክንያት ሲሳሳቱ አያለሁ። ዘዴው ራሱ መልካም ነው። «ፖርታሬ» የተባለው የላቲን ግስ መሸከም ማለት መሆኑን ያወቀ ተማሪ «ኢምፖርት»፣ «ኤክስፖርት» እና «ትራንስፖርት» የሚሉትን ቃላት በአንድ ገመድ አስሮ ይይዛቸዋል። ችግሩ ከአያያዙ ይመጣል።

ከሁሉ የሚከብደው ስህተት ሥረ ቃሉን እንደ ቃሉ ትርጉም መውሰድ ነው። «ማኑስ» እጅ፣ «ፋኬሬ» መሥራት ስለሆነ «ማኑፋክቸር» በእጅ መሥራት ነው ብሎ የመለሰ ተማሪ ነበረኝ። በጥንቱ ስሜት ልክ ነው፤ ዛሬ ግን ቃሉ የሚነገረው እዚሁ ከተማችን ውስጥ እንዳሉት የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በመኪና ስለሚመረት ዕቃ ጭምር ነው። «ሴፕቴምበር» በውስጡ ሰባት የሚለውን የላቲን ቁጥር ይዞ ዘጠነኛ ወር የሆነው፣ የጥንት ሮማውያን ዓመታቸውን ከመጋቢት አካባቢ ይጀምሩ ስለነበረ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ግምቱ አደገኛ ይሆናል። «ኢን» የሚለው ቅድመ ቅጥያ አንዳንዴ አፍራሽ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ «ወደ ውስጥ» ማለት ነው፤ ስለዚህ በበርሜል ላይ «ኢንፍላማብል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው «የማይቀጣጠል» ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ ቃሉ ግን በቀላሉ እሳት የሚይዝ ማለት ነው። በዚህ መምታታት የተነሳ በማስጠንቀቂያ ጽሑፎች ላይ ዛሬ «ፍላማብል» የሚለው ይመረጣል። ሥረ ቃሉ አንድን ቃል ከተረዱት በኋላ እንዳይረሱት ያግዛል፤ ትርጉሙን የሚነግረን ግን ቃሉ የገባበት ዓረፍተ ነገርና መዝገበ ቃላቱ ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት የሚመሳሰሉትን ሁሉ ከአንድ ቤተሰብ መቁጠር ነው። «ፔዳል» እግር ከሚለው የላቲን ቃል ሲመጣ፣ የሕፃናት ሐኪም የሚባልበት «ፔዲያትሪሻን» ግን ልጅ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። ወደብ ማለት የሆነው «ፖርት» ከ«ፖርቱስ»፣ መግቢያ የሆነው «ፖርታል» በር ከሚለው «ፖርታ» የተገኙ ናቸው። እነዚህና «ፖርታሬ» በጣም በራቀው ዘመን ቢዛመዱም፣ ለተማሪ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ለተማሪዎቼ የምሰጣቸው ማስታወሻ ይህ ነው፦ ቡናውን ተሸክሞ ከሐረር ጀጎል በር ወጥቶ ጅቡቲ ወደብ የሚደርስ ነጋዴ ሦስቱንም ቃላት በአንድ መንገድ ያገኛቸዋል።

አማርኛ ተናጋሪዎችን የሚያታልል ሌላ ነገርም አለ። ከ«ጸሐፈ» ውስጥ «ጸሐፊ»፣ «ጽሕፈት» እና «መጽሐፍ» ሲወጡ ስለለመድን፣ የላቲኑም ሥር ተነባቢዎቹን ሳይለቅ በየቃሉ እንዲገኝ እንጠብቃለን። ላቲን ግን በዋናነት ከግንዱ ፊትና ኋላ ቅጥያ እየደረበ ይሄዳል፤ ሲደረብ ደግሞ ድምፆቹ ይለወጣሉ። ያው አፍራሹ «ኢን» በ«ኢምፖሲብል» ውስጥ «ኢም»፣ በ«ኢሊጋል» ውስጥ «ኢል» ሆኗል። «ቪዲዮ» እና «ቪዛ» ሁለቱም ከማየት ግስ የመጡ ሆነው ሳለ አንዱ «ዲ»፣ ሌላው «ዛ» ይዟል። ተማሪው ይህን ካላወቀ ዘመዳሞቹን አይቶ ያልፋቸዋል።

የለውጡ አንድ ትልቅ ምክንያት በርካታዎቹ ቃላት በፈረንሳይኛ በኩል ማለፋቸው ነው፤ በተለይም ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ ገብተዋል። «ሪሲቭ» እና በየሆቴሉ የምናውቀው «ሪሴፕሽን» የአንድ ሥር ልጆች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው በፈረንሳይኛ አፍ ሲለወጥ የ«ፕ» ድምፁን አጥቷል። ይህ ለድሬዳዋ ልጅ እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም፤ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ወደ ከተማችን ሲደርስ አብሮት የመጣው የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» በእኛ አፍ «ለገሀር» የሆነው በተመሳሳይ መንገድ ነው።

በሁሉም ቃል ውስጥ ላቲን መፈለግም ጊዜ ማባከን ነው። እናት፣ ውኃ፣ ዳቦ፣ ቤት የመሳሰሉት የዕለት ተዕለት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻቸው ላቲን ሳይሆን እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የሚገኙበት የጀርመናዊ ቋንቋዎች ቤተሰብ ስለሆነ እንዲሁ መጠናት አለባቸው።

በመጨረሻም መቶ ሥረ ቃላትን ከነትርጉማቸው በደብተር ደርድሮ መሸምደድ ብዙ ተማሪዎችን አድክሟል። እኔ በሳምንት አንድ ሥር ብቻ እሰጣለሁ፤ ያንንም የምጀምረው በአማርኛችን ውስጥ ከገቡት ቃላት ነው። የማየት ሳምንት ሲሆን ተማሪው «ቪዲዮ»ን፣ «ቪዛ»ን፣ «ቴሌቪዥን»ን እና «ሱፐርቫይዘር»ን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ሁለት አዲስ ቃላት ብቻ እጨምርለታለሁ፤ ከዚያም ወደ ቤቱ ሲሄድ መጋላ ገበያ ውስጥ ያየውን በእንግሊዝኛ ስድስት ዓረፍተ ነገር አድርጎ፣ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንዱን ቃል አስገብቶ ይጽፋል።