የሚያበሩ ኒውሮኖችን ሳያደበዝዙ ለማይክሮስኮፕ ማዘጋጀት

የዴንድራይት ስፓይን (በኒውሮን ቅርንጫፎች ላይ ያሉ ጥቃቅን እብጠቶች) ለመቁጠር ከሚመቹት አይጦች አንዱ የታይ1-ዋይኤፍፒ ኤች የተባለው የአይጥ ዘር መስመር ነው። ቢጫ አብሪው ፕሮቲን (ዋይኤፍፒ) በጥቂት ኒውሮኖች ብቻ ይገኛል፤ በተለይ በኮርቴክስ (የአንጎል ውጫዊ ክፍል) 5ኛ ንብርብርና በሂፖካምፐስ (ከትውስታ ጋር የተያያዘ የአንጎል ክፍል)። ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው፤ ሁሉም ቢያበሩ የአንዱ ቅርንጫፍ ከሌላው አይለይም።

የዚህን ፕሮቲን ጂን ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰውን ከተራ አይጥ ያዳቅሉ። ከግልገሎቹ ግማሽ ያህሉ ጂኑን ይይዛሉ፤ ከጆሯቸው ቁራጭ ወስደው በፒሲአር (የዘረመል ምርመራ) ይለዩዋቸው። ጂኑ የሌላቸውን ለማነጻጸሪያ ያስቀሩ። ብርሃኑ ከዕድሜ ጋር ስለሚጨምር ሁለት ወር ያልሞላቸውን ባይጠቀሙ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንጎሉን ሳይበሰብስ በሚያቆየው ፈሳሽ ላይ ነው። 40 ግራም ፓራፎርማልዴሃይድ በ0.1 ሞላር ፎስፌት በፈር (ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚያደርግ ፈሳሽ) ይሟሟና 1 ሊትር ይሞላል፤ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ አይለፍ፣ ሥራው ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ ይሁን። እንዲሟሟ ጥቂት ጠብታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨምሩ፤ ሲቀዘቅዝ ፒኤቹን (የአሲድነት መጠኑን) 7.4 ላይ አድርሰው ያጣሩት። ዋይኤፍፒ አሲድ አይችልም፤ ፒኤች 7 አካባቢ ሲደርስ ብርሃኑ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ደግነቱ፣ በ7.4 በፈር ሲታጠብ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

አይጡ በተፈቀደው ፕሮቶኮል በጥልቀት ይደንዝዝ፤ እግሩ ሲቆነጠጥ ምንም ምላሽ አለመስጠቱን ያረጋግጡ። ደሙ ታጥቦ በፈሳሹ እንዲተካ፣ መርፌውን በልቡ ግራ ቬንትሪክል (የታችኛው ክፍል) አስገብተው ቀኙን ኤትሪየም (የላይኛውን ክፍል) ይቁረጡ። መጀመሪያ 30 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ጨዋማ ፎስፌት በፈር) ጉበቱ እስኪገረጣ፣ ቀጥሎ 50 ሚሊ ሊትር ፓራፎርማልዴሃይድ። ሳንባው ካበጠ ወይም ፈሳሽ በአፍንጫው ከወጣ መርፌው ወደ ቀኝ ክፍል አልፏል፤ ጥቂት ወደ ኋላ ይሳቡት። ደም የቀረበት አንጎል የራሱ የሆነ ብርሃን ስለሚያወጣ ምስሉን ያበላሻል።

አንጎሉ በዚያው ፈሳሽ በ4 ዲግሪ አንድ ሌሊት ይደር፣ ከዚያ አይብለጥ፤ ሲቆይ የጀርባው ብርሃን ይጨምራል። በቫይብራቶም (በሚንቀጠቀጥ ምላጭ የሚቆርጥ መሣሪያ) 100 ማይክሮሜትር አድርገው ይቁረጡ። በፓራፊን (ሰም) ውስጥ ማስቀመጥን አይሞክሩ፤ አልኮሉና ዛይሊኑ ብርሃኑን ያጠፉታል። ቁራጮቹ ጨለማ ውስጥ ይቀመጡ።

በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ (በሌዘር ንብርብር በንብርብር ምስል የሚያነሳ) 514 ናኖሜትር ሌዘርና 63 እጥፍ የሚያጎላ የዘይት ሌንስ ይጠቀሙ፤ በጥልቀት አንዱ ምስል ከሌላው የሚርቅበት እርምጃ 0.3 ማይክሮሜትር ይሁን። ቦታ ሲፈልጉ የሌዘሩን ኃይል ዝቅ ያድርጉ፤ ፍለጋው ራሱ ብርሃኑን ይበላል። አሁንም ከደበዘዘ ጸረ-ጂኤፍፒ አንቲቦዲ (አረንጓዴ አብሪውን ፕሮቲን፣ ጂኤፍፒን፣ የሚይዝ) ያድነዋል፤ ዋይኤፍፒ ከጂኤፍፒ የተገኘ ስለሆነ ይይዘዋል። ግን አንቲቦዲ ወፍራም ቁራጭ ውስጥ ጠልቆ አይገባምና ለዚያ 50 ማይክሮሜትር ይቁረጡ።