ሴራሚኩ ሳይሰነጠቅ ብላይንድ እንዴት ይሰቀላል?

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። የመታጠቢያ ቤት መስኮት ላይ ብላይንድ ልሰቅል ድሪሉን አነሳሁ። ማዞሪያው የመዶሻ ምልክቱ ላይ እንዳለ አላየሁም። ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ሴራሚኩ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ስለዚህ ድሪል ከመንካታችሁ በፊት ያቺን ማዞሪያ እዩ፣ ከመዶሻ ወደ ተራ መብሻ መልሷት።

ግን ቆይ፣ ሴራሚኩን መብሳት የግድ ነው? ብዙ ጊዜ አይደለም። መስኮቱ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ከሆነ የላይኛው ጣሪያው ሴራሚክ ላይኖረው ይችላል፣ ብላይንዱን የሚይዘውን ማቀፊያ እዚያ እሰሩት። ሴራሚኩ ከመስኮቱ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚያልቅ ከሆነም ረዘም ያለ ብላይንድ ገዝቶ ከሱ በላይ መስቀል ይሻላል። በሁለት ግድግዳ መሃል በስፕሪንግ ተወጥሮ የሚቆም ዘንግም አለ፣ ለቀላል መጋረጃ ይበቃል።

በማጣበቂያ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሴራሚኩን በአልኮል ጠርጎ ያድርቀው፣ ከለጠፈ በኋላ 24 ሰዓት ምንም አይስቀልበት። እኔ ግን በየቀኑ ለሚጎተት ብላይንድ አላምነውም። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ማጣበቂያው በጥቂት በጥቂቱ ይላቀቃል፣ የገላ መታጠቢያ እንፋሎት ሲጨመርበት ደግሞ አንድ ሌሊት ዱብ ይላል።

መብሳቱ ካልቀረ ቦታ መምረጥ ነው ዋናው። ብዙ ሰው በሴራሚኮቹ መሃል ያለውን መስመር ብሱ ይላል፣ ቢበላሽ በቀላሉ ይሞላል ብሎ። መስመሩ ከቀዳዳው ከሰፋ እውነት ነው። ግን መስመሩ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሆኖ ቀዳዳው 6 ከሆነ ፑንታው (ድሪሉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው መብሻ) የሁለቱንም ሴራሚክ ጠርዝ ይበላል፣ ሴራሚክ ደግሞ ቶሎ የሚሰበረው ጠርዙ ላይ ነው። እኔ ከጠርዝ ራቅ ብዬ ሆዱን እበሳለሁ። በጣታችሁ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከኋላው ሲሚንቶ የለውምና ቦታ ቀይሩ። ከኋላው የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የውሃ ቱቦ ማለፍ አለማለፉንም አስቀድማችሁ አጣሩ።

ለተራ የግድግዳ ሴራሚክ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ የሴራሚክ ፑንታ ይበቃል። ፖርስሊን (ከተራው የጠነከረ የሴራሚክ ዓይነት) ከሆነ ግን የአልማዝ ፑንታ ያስፈልጋል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ገፍታችሁ ጭረት ብቻ ከወጣ ፖርስሊን ሳይሆን አይቀርም፣ አትታገሉት።

ቦታው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ምልክት አድርጉበት፣ ፕላስተሩ ፑንታው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ቀስ ባለ ፍጥነት ጀምሩ፣ አትጫኑ። የአልማዙ ፑንታ ሹል ጫፍ ስለሌለው መጀመሪያ ዘንበል አድርጋችሁ ትንሽ ግማሽ ጨረቃ ሲያወጣ ነው ቀና የምታደርጉት። ሙቀት ፑንታውንም ሴራሚኩንም ይጎዳልና በርጥብ ስፖንጅ አቀዝቅዙ። ውሃው ድሪሉ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ባትሪ ያለው ድሪል ካላችሁ እሱ ይመረጣል።

ሴራሚኩ እንዳለቀ እጃችሁ ላይ ይታወቃችኋል። ፑንታውን ወደ ግድግዳ ፑንታ ቀይሩ። ከመስኮት በላይ ብዙ ጊዜ ኮንክሪት ስላለ የድሪሉን ማዞሪያ ወደ መዶሻ መመለስ እዚህ ጋ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ግን የግድግዳው ፑንታ ከሴራሚኩ ቀዳዳ ቀጠን ይበል፣ ጠርዙን እንዳይነካ። ለምሳሌ ሴራሚኩ በ8 ከተበሳ ግድግዳው በ6።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ፕላስቲክ) ሴራሚኩ ውስጥ መቅረት የለበትም። ብሎኑ ሲገባ ፊሸሩ ያብጣል፣ ሲያብጥ ሴራሚኩን ከውስጥ ይገፋዋል፣ በመብሳት ያልተሰነጠቀው በማጥበቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፊሸሩን በምስማር ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ሙሉ በሙሉ ግድግዳው ውስጥ አስገቡት፣ የሴራሚኩን ውፍረት ያህል ረዘም ያለ ብሎንም አዘጋጁ። እርጥበት ያለበት ቤት ከሆነ ብሎኑን ከማስገባታችሁ በፊት ቀዳዳው ላይ ጠብታ ሲልኮን ጨምሩ።

ማጥበቅ በድሪል ሳይሆን በካቻቢቴ ነው። ማቀፊያው መነቃነቅ ሲያቆም በቃ። ብላይንዱን ሰቅላችሁ አምስት ስድስት ጊዜ አውጡት አውርዱት፤ ማቀፊያው ከተወዛወዘ አሁንም አሁንም አታጥብቁ፣ ብሎኑን ፍቱና ረዘም ያለ ፊሸር ይግባበት።