የኮክ ወይን ጠጅ ስንጥል የምንሳሳታቸው

ክረምት ላይ ኮክ ሲረክስ ሁለት ሦስት ኪሎ ገዝቼ ወይን ጠጅ እጥላለሁ። ለእንግዳ የሚቀዳ እስኪወጣልኝ ድረስ ግን ያልሠራሁት ስህተት የለም።

መፍላቱን አቆመ ብሎ መቸኮል። የደሴ ሰው ዋና ስህተት ይሄ ነው። ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ የክረምት ሌሊቷን የቀመሰ ያውቀዋል። እርሾ ደግሞ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል፣ ሲበርደው ይተኛል። ጥንስሱ በሦስተኛው ቀን ዝም ሲልብኝ እርሾ ጨመርኩ፤ አልነሳ ሲል ስኳር ደገምኩ። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በዚያው ቀን፣ በዚያው ልክ የጣለችው በሳምንቱ ፈልቶ ጋብ ብሏል። ደውዬ ብነግራት «አንቺ፣ አልብሺው እንጂ! ምን ያስቸኩልሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ኮምቦልቻ ከኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ባልዲውን በጋቢ ጠቅልዬ ወጥ ቤት አስገባሁት፣ በማግስቱ አረፋ ደፍቶ አገኘሁት። የደገምኩት ስኳር ግን ፈልቶ አላለቀም፤ ያን ዓመት የጠጣነው ሽሮፕ ነው።

ስኳሩን በግምት መጨመር። በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይሆናል። የዳቦ እርሾ 12 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ይደክማል። እኔ ለ5 ሊትር 2 ኪሎ ኮክና 800 ግራም ስኳር አደርጋለሁ፤ ፍሬው የራሱ ስኳር እንዳለው አይረሳ።

ዘሩን አብሮ መውቀጥ። የኮክ ዘር ሲሰበር ሲያናይድ የሚወጣው ነገር በውስጡ አለ። አውጥቶ መጣል ነው።

ክዳን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት። እርሾ ስኳሩን ሲበላ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም መውጫ ይፈልጋል። አንዴ በሃይላንድ አጥብቄ ዘግቼ ቁም ሳጥን ላይ አስቀመጥኩት፤ ሌሊት ፈንድቶ የኮክ ልጣጭ ኮርኒስ ላይ ተለጥፎ አደረ። ክፍት መተውም አያዋጣም፣ አየር ከገባው አቼቶ ይሆናል። ክዳኑን በስቼ የግሉኮስ ቱቦ አስገባሁበት፣ ዙሪያውን በሊጥ ደፈንኩ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ነከርኩ። ቡልቅ ቡልቅ እያለ ጋዙ ይወጣል፣ አየር አይገባም። ዕቃው እስከ አፉ ከተሞላ ግን አረፋው ቱቦውን ስለሚደፍነው ሩቡን ባዶ ተዉለት።

እንደ ጠላ ጋን ማጠን። በግራዋ ማጠብና በወይራ ማጠን ለጠላ ደግ ነው፤ ኮክ ግን መዓዛው ስስ ስለሆነ ጭሱ ይውጠዋል። ጌሾም እንደዚሁ፣ ምሬቱ ብቻ ይቀራል። በፈላ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል። በበረኪና ያጠበ ሰው ሽታው ሙልጭ ብሎ እስኪጠፋ ደጋግሞ ያለቅልቅ።

ቶሎ ጠርሙስ ውስጥ ማሸግ። ቡልቅታው ሲቆም ከአንቡላው ላይ በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት፤ ከነቱቦው ሞቅ ያለ ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆይ። ደሴ ከሆናችሁ አንድ ወር።