ሰልፉን አይታችሁ አትፈርሙ፦ የሳንድዊች ቤት ፍራንቻይዝ የሚገዙ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንትም አንድ ልጅ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። የሳንድዊች ቤት ሰልፍ ነው። ከበሩ ወጥቶ የእግረኛ መንገዱን ሞልቶታል።

«አየኸው? ሐዋሳ አላቸው፣ አዳማ አላቸው፣ ቦሌም ከፍተዋል። አሁን ደግሞ ስታዲየም አካባቢ በስማቸው የሚሠራ ሰው እየፈለጉ ነው።»

«መቼ ነው ያነሳኸው?»

«ቅዳሜ ማታ።»

እንጀራዬ የምግብ ቤቶችን ሂሳብ መሥራት ነው። ቢሮዬ ለገሃር አካባቢ ስለሆነ መሀል ከተማ ላይ ምግብ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው በኔ በኩል ማለፉ አይቀርም። ፍራንቻይዝ ልግዛ፣ ማለትም ከፍዬ በሌላ ድርጅት ስም ቅርንጫፍ ልክፈት ብሎ እንዲህ ያለ ፎቶ ይዞ የመጣው ስንተኛው ሰው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

የአንድ ቀን ሽያጭን በ30፣ ከዚያ በ12 ማባዛት

ይሄኛው ደሜን ያፈላዋል። ሻጩ «በቀን ይህን ያህል እንሸጣለን» ይላል። ገዢው ካልኩሌተር ያወጣል። በ30፣ ከዚያ በ12። አለቀ፣ ሀብታም ሆነ።

ቆይ፣ የምንኖረው አዲስ አበባ አይደለም እንዴ? ሜኑውን እስቲ አንብቡት። ክለብ ሳንድዊች፣ የዶሮ፣ እንቁላል በቺዝ፣ የሥጋ። አሁን ረቡዕንና ዓርብን አስቡ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ ገና ዋዜማ ይሄዳል። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። የሐዋርያት ጾም እንደ ፋሲካው አዋዋል ይረዝማል፣ ያጥራል። ነነዌ 3 ቀን። ስትደምሩት የዓመቱ ግማሽ ግድም ነው። ረመዳንን ደግሞ ቀን ቀን አስቡት።

ሁሉም ሰው አይጾምም፣ አውቃለሁ። ግን ከአንድ ቢሮ ተያይዘው ከሚወጡ አምስት ሰዎች ሦስቱ ከጾሙ፣ አምስቱም የሚሄዱት በያይነቱ ቤት ነው። ምሳ ብቻውን መብላት የሚወድ ሰው የለንማ።

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ከስምንት ዓመት በፊት ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሜክሲኮ አካባቢ የአንድ ሳንድዊች ቤት ቅርንጫፍ ገዝተን ነበር። ዋናውን ቤት ሄደን ያየነው ግንቦት ላይ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ሰዉም ገና ከሁዳዴ መውጣቱ ስለሆነ ያገኘውን ይበላል። እኔ፣ የሂሳብ ሰው ነኝ ባዩ፣ የዓመቱን ምርጥ ወር አይቼ ፈረምኩ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከፈትን። ሁለት ሳምንት ደህና ሸጥን። ከዚያ ነሐሴ 1 ገባ። ፍልሰታን ደግሞ ሕፃናት ሳይቀሩ ነው የሚጾሙት።

ያቺን ቀን አልረሳትም። 6 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ግሪሉ ግሏል፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ሾው ኬዙ ውስጥ ቺዙ አልቦታል። ካሸሯ በመስታወቱ ከመንገዱ ማዶ ያለውን በያይነቱ ቤት ታያለች። ሰልፉ እዚያ ነው። 7 ሰዓት ላይ «ምሳዬን በልቼ ልምጣ» ብላ ተሻገረች። እሷም ጾመኛ ናት።

ስለዚህ የቅዳሜን ሰልፍ ተዉት። የሁዳዴንና የነሐሴን ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የካሽ ሬጂስተሩን የቀን ሽያጭ ድምር፣ አሳዩን በሉ። የካሽ ሬጂስተሩ ማሽን ጾም አይደብቅም። «የጾም ሜኑ አለን» ካሏችሁም ሄዳችሁ ብሉት። አብዛኛውን ጊዜ ሥጋው የወጣለት ያው ሳንድዊች ነው፣ ሰላጣና ቲማቲም። በዚያ ዋጋ ደግሞ ጥጉ ላይ ያለው እርጥብ ቤት ድንችና ዳጣውን ጠቅጥቆ ሁለት ሰው ያጠግባል። «ቱና አለን» ቢሏችሁም፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በእናንተ ሱቅ አይፈታም።

ሮያሊቲ ከትርፍ የሚቆረጥ ነው ብሎ ማሰብ

ሮያሊቲ፣ ማለትም በስማቸው ስለሠራችሁ በየጊዜው የምትከፍሏቸው ገንዘብ፣ ከሽያጭ ነው የሚቆረጠው። ብትከስሩም ትከፍላላችሁ። ሰብዌይ የሚባለው ትልቅ የሳንድዊች ቤት ብራንድ አሜሪካ ውስጥ ከባለቅርንጫፎቹ ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የኖረው ከጠቅላላ ሽያጭ 8 በመቶ ሮያሊቲ፣ 4.5 በመቶ ደግሞ ለማስታወቂያ ነው። ከ100 ላይ 12.50 ሄደ ማለት ነው፤ ዳቦው፣ ኪራዩና ደመወዙ ገና ሳይነሳ።

እኛ አገር ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ትጨመራለች። «ሽያጭ» ሲባል ከቫት በፊት ነው ወይስ ከነቫቱ? ለምሳሌ በወር 600,000 ብር ሸጣችሁ እንበል። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር ከደንበኛው የተሰበሰበው 690,000 ነው። 8 በመቶው ከመጀመሪያው ቢታሰብ 48,000፣ ከሁለተኛው ቢታሰብ 55,200። ልዩነቱ በዓመት 86,400 ብር ነው። የመንግሥትን ገንዘብ ሰብስባችሁ ስላስረከባችሁ ሮያሊቲ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ከማያቸው ውሎች ብዙዎቹ ይህን ዝም ብለው ያልፉታል።

የአምስት ዓመት ውል በአንድ ዓመት ኪራይ ላይ መሥራት

ብራንዱ አምስት ዓመት ያስፈርማችኋል። አከራዩ አንድ ዓመት ነው የሚሰጣችሁ፣ ያውም የስድስት ወሩን ወይ የዓመቱን ቅድሚያ ተቀብሎ። እናንተ ደግሞ በመሀል ገብታችሁ በሰው ሕንፃ ላይ የብራንዱን ሴራሚክ፣ የብራንዱን መብራት፣ የብራንዱን ባንኮኒ ትሠራላችሁ። ዓመቱ ሲያልቅ አከራዩ ቤቱ ማማሩን አይቶ ኪራዩን ይቆልለዋል። ምን ትሉታላችሁ? ሴራሚኩን ነቅላችሁ አትሄዱ።

መሀል ከተማ ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። አንድ ደንበኛዬ ካዛንቺስ ምድር ቤት ተከራይቶ የዓመት ከፍሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ቤቶች ለልማት ተነሱ። የሱ ሕንፃ አልተነካም። ግን ጠዋት እንቁላል ሳንድዊች የሚገዙት ሰዎች ሌላ ሌላ ሰፈር ሄዱ። ሕንፃው ቆሟል፣ በላተኛው የለም። ከመክፈላችሁ በፊት ወረዳ ሄዳችሁ የቦታውን ፕላን ጠይቁ። የሱቁን ብቻ ሳይሆን፣ ደንበኛ ይመጣልናል ብላችሁ ያሰባችሁበትን ሰፈርም ጭምር።

ስሙ የማን እንደሆነ አለማረጋገጥ

አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ። የንግድ ምልክት ምዝገባ 7 ዓመት ነው የሚያገለግለው፣ ከዚያ መታደስ አለበት። ያልተመዘገበ ስም ከገዛችሁ የገዛችሁት የሰው ታፔላ ነው።

«ሁሉንም እኛ እናቀርባለን» ሲባል ደስ መሰኘት

ዳቦውን፣ ሶሱን፣ ዶሮውን ከነሱ ኪችን ብቻ ግዙ ሲሏችሁ ሥራ የቀለለ ይመስላል። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ማነው? ሮያሊቲውን በአንድ እጅ፣ የዳቦውን ትርፍ በሌላው ይወስዳሉ። በዚያ ላይ የኛ ዳቦ የሚመጣው በመኪና ነበር። የአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ሰሞን መንገድ ሲዘጋ 4 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ቁርስ የሚበላው ሰው ቢሮው ገብቶ ሻይ ካዘዘ በኋላ። ከጎናችን ዳቦ ቤት ነበረ። ከሱ መግዛት በውል ተከልክለናል። ውሉን ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ማንንም አልወቅስም።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀሳቸው። ሻጮቹ ከእናንተ ሱቅ በምን ያህል ርቀት ውስጥ ሌላ ቅርንጫፍ መክፈት እንደማይችሉ በሜትር ይጻፍ፤ «በአካባቢው» የምትለዋ ቃል ምንም አትይዝም። ብራንዱ ከናይሮቢም ሆነ ከሌላ ጎረቤት አገር መጥቶ ክፍያው በዶላር ከሆነ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ የተለቀቀበትን ሐምሌ 22 ቀን 2016ን አስታውሱ፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አልፏል፣ የሳንድዊቹን ዋጋ ግን በዚያ ፍጥነት ማንም አልጨመረም። ሕንፃው ስሪ ፌዝ መብራት፣ ማለትም ብዙ ኃይል የሚስቡ ማሽኖችን የሚችል መስመር፣ አለው ወይ? ታሪፉም ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው፣ ግሪልና ፍሪጅ ያለው ሰው ይህን ሳያሰላ አይፈርምም። «የእህቴ ልጅ ይጠብቅልኛል» ለምትሉ ደግሞ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ሱቅ ባለቤቱን ያውቃል።

አሜሪካ ውስጥ ፍራንቻይዝ የሚሸጥ ድርጅት ገዢው ከመፈረሙ ቢያንስ 14 ቀን በፊት ዝርዝር ሰነድ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስንት ቅርንጫፍ እንደተከፈተ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደተዘጋም እዚያ ላይ ይጻፋል። እናንተም ያንኑ ጠይቁ። የዘጉትን ሰዎች ስልክ ተቀብላችሁ ደውሉ። የሚሸጥላችሁ ሰው ደስ አይለውም። አይበለው።

አንድ ጡረተኛ ደንበኛ ነበሩኝ። የቤት ሽያጭ ገንዘብ ይዘው ሊፈርሙ ሲሉ «ጋሼ፣ አንድ ወር ብቻ ይታገሱኝ። ከሳንድዊች ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ካፌ ቁጭ ብለው ወደ ሳንድዊች ቤቱ የሚገባውን ሰው ይቁጠሩ» አልኳቸው። «ልጄ፣ የቡናውን ሂሳብ አንተ ትከፍላለህ» ብለው ሄዱ። ከወር በኋላ ጥቁር ደብተር ይዘው መጡ። በቀንና በሰዓት ከፋፍለው ጽፈውታል፣ የቀድሞ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ቅዳሜ፦ 183። ማክሰኞ፦ 96። ረቡዕ፦ 14፣ ከነሱ ውስጥ 9ኙ ማኪያቶ በኦትስ ወተት አለ ወይ ብለው ጠይቀው የወጡ።

ደብተሩን ዘግተው የቡናውን ደረሰኞች ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩልኝ።