ከሽቦ ወደ ከርነል፦ ለበቆሎ መጋዘን የአይቱሲ ድራይቨር አጻጻፍ

ቡሬና ወምበርማ በኩል በቆሎ ሲሰበሰብ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ይሞላል። ጆንያው አንዴ ከተደረደረ መሀሉ ላይ ምን እየሆነ እንደሆነ ማንም አያይም። ነቀዝ ሲራባ ወይም እህሉ እርጥበት ይዞ ሲከተት ቀድሞ የሚናገረው ሙቀት ነው። ዳር ዳሩን በእጅ ስትዳስሱት ይቀዘቅዛል፤ መሀሉ ግን ይግላል። ስለዚህ መሀል ላይ መለኪያ መቅበር ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ይህን የምሠራው ራስበሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተርና ቲኤምፒ 102 በምትባል የሙቀት ሴንሰር ነው። ከጥፍር ታንሳለች፤ በአይቱሲ ባስ፣ ማለትም ዕቃዎች በሚነጋገሩበት የሽቦ መስመር፣ ትሠራለች።

ዛሬ ለእሷ የሊነክስ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉን (የሊነክስን ዋና ክፍል) ከዕቃው ጋር የሚያነጋግር ኮድ፣ እንጽፋለን። እውነቱን ለመናገር ሊነክስ ለዚህች ሴንሰር ድራይቨር አለው። ሥራው ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት እሱን ተጠቀሙና ሻያችሁን ጠጡ። እኛ የምንጽፈው ለመማር ነው። ነገ የሚገጥማችሁ ዕቃ ድራይቨር የሌለው ሊሆን ይችላል። ያኔ ከመደናገጥ መልሱ በታወቀ ጥያቄ ዛሬ መለማመድ ይሻላል። ሲ ቋንቋ፣ በተለይ ፖይንተርና ስትራክት፣ የማታውቁ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። የትእዛዝና የፈንክሽን ስሞችን እንደሚነበቡ ነው የምጽፋቸው።

የኔ ሕግ አንድ ናት፦ ድራይቨር ከታች ወደ ላይ ይጻፋል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ብዙ ተማሪ ግን የሚጀምረው ከላይ ነው። ረጅም ኮድ ይጽፋል፣ ሞጁሉን (ከርነሉ ላይ የሚጫነውን የድራይቨር ፋይል) ይጭናል፣ ምንም አይመጣም። ሽቦው ይሁን፣ አድራሻው ይሁን፣ ኮዱ ይሁን ማን ይለይለት? እኛ መጀመሪያ ሽቦውን፣ ቀጥሎ ከተርሚናል ንባቡን፣ በመጨረሻ ከርነሉን።

ሽቦው

አይቱሲ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ባስ ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ አለው። ኤስዲኤ ዳታ ይይዛል፣ ኤስሲኤል ሰዓቱን ይመታል። ሁሉም ዕቃ በእነዚህ ሁለት ሽቦዎች ላይ ይደረደራል። አሠራሩ እንደ እድር ስብሰባ ነው። ሰብሳቢው ስም ይጠራል፣ የተጠራው ብቻ “አቤት” ይላል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይሰማል። ሰብሳቢው ፓይው ነው። ስሙ ደግሞ ባለ 7 ቢት አድራሻ ነው።

ባሱ ላይ ያለ ዕቃ ሽቦውን ወደ ዜሮ መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። ወደ ላይ የሚመልሰው ፑል-አፕ ሬዚስተር ነው። ፓይ ላይ ለእነዚህ ሁለት ፒኖች 1.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አብሮ ተበይዷል፤ ተጨማሪ አትፈልጉም። ሌላ ቦርድ ከሆነ ግን ይህን ሳታረጋግጡ ወደፊት አትሂዱ።

አገናኙ፦ ፒን 1 ላይ 3.3 ቮልት፣ ፒን 3 ላይ ኤስዲኤ፣ ፒን 5 ላይ ኤስሲኤል፣ ፒን 6 ላይ ግራውንድ። አደራ፣ 5 ቮልት እንዳትሰጧት። አቅሟ እስከ 3.6 ቮልት ነው። ከአዲስ አበባ ተልኮ፣ ዓባይን ተሻግሮ የመጣ ዕቃ በአንድ ሽቦ ስህተት ሲቃጠል ያበሳጫል።

የአድራሻ ፒኗ ግራውንድ ላይ ከታሰረ አድራሻዋ በሄክስ (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) 48 ነው። ኤሌክትሪኩ ላይ ከታሰረ 49 ይሆናል። በዚህ መንገድ አንድ ባስ ላይ አራት ድረስ መደርደር ይቻላል።

ከተርሚናሉ

በፓይው ማስተካከያ ፕሮግራም፣ በራስፒ-ኮንፊግ፣ አይቱሲን ክፈቱ። የአይቱሲ-ቱልስ ፓኬጅን ጫኑ። ከዚያ “አይቱሲዲቴክት -ዋይ 1” በሉ። ሠንጠረዡ ላይ 48 ከታየ ሽቦው ደህና ነው። ካልታየ ኮድ አትክፈቱ። ሽቦውን፣ ብየዳውን፣ ግራውንዱን እዩ።

ቀጥሎ የሙቀት ሬጂስተሯን፣ ማለትም ልኬቱ የሚቀመጥበትን የውስጥ ቦታ፣ አንብቡ። ሬጂስተር 0 ናት። “አይቱሲጌት” ላይ ባሱን፣ አድራሻውን፣ ሬጂስተሩን ስጡና መጨረሻ ላይ “ደብልዩ” ጨምሩ፤ ሁለት ባይት አንብብልኝ ማለት ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ ከሆነ በሄክስ 0019 ይመጣል። ዴታሺቱ (የአምራቹ መግለጫ) ግን ለ25 ዲግሪ 1900 ነው የሚለው። የተገለበጠው ለምንድን ነው? ቲኤምፒ 102 ትልቁን ባይት ታስቀድማለች። በአይቱሲ ላይ የተመሠረተው የኤስኤምባስ ደንብ ደግሞ ቀድሞ የመጣውን እንደ ትንሹ ይቆጥራል። ይህን አሁን ተርሚናል ላይ ማየታችሁ ኋላ ከርነል ውስጥ ከመባዘን ያድናችኋል።

ሴንሰሯን በጣታችሁ ያዟትና ደግማችሁ አንብቡ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ከዕቃው ጋር ተግባብታችኋል።

ዕቃው ገና ላልደረሰው

ዕቃ እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ሊነክስ “አይቱሲ-ስተብ” የሚባል የውሸት ባስ የሚፈጥር ሞጁል አለው። ኡቡንቱ የጫነ ላፕቶፕ ይበቃል። በሞድፕሮብ ስትጭኑት “ቺፕ_አድር” በሚለው መለኪያ ሄክስ 48 ስጡት። “አይቱሲዲቴክት -ኤል” አዲሱ ባስ ስንት ቁጥር እንደያዘ ይነግራችኋል። ከዚያ በ“አይቱሲሴት” ሬጂስተር 0 ላይ 0019 ጻፉ። ድራይቨራችሁ 25 ዲግሪ ማንበብ አለበት።

ለተማሪዎቼ ዕቃው በእጃቸው ቢሆንም ይህንኑ አዛለሁ። መጋዘን ውስጥ የማይገኝ ሙቀት በውሸቱ ባስ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ከዜሮ በታች የሆነውን ጭምር። ፓይ ላይ በሙከራ መሀል መብራት ሲጠፋም ሚሞሪ ካርዱ ሊጎዳ ይችላል። መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ላፕቶፕ ባትሪ አለው። ከርነሉ ቢንኮታኮት እንዳያናድዳችሁ ግን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ሞክሩት።

አጽሙ

የምትሠሩበትን ከርነል “ዩኔም -አር” ይነግራችኋል። የእሱን ሄደሮች ጫኑ። ቁጥሩ ካልገጠመ ሞጁሉ አይጫንም። ሜክፋይሉ አጭር ነው። “ኦብጄ-ኤም” ላይ የፋይላችሁን ስም ትሰጣላችሁ፤ ቀሪውን የከርነሉ የቢልድ ማውጫ ይሠራዋል። የኔን ፋይል “ጎተራ” ብየዋለሁ። ከነባሩ የሊነክስ ድራይቨር ጋር እንዳይጋጭ የራሳችሁ ስም ይኑራችሁ።

የአይቱሲ ድራይቨር እምብርት “አይቱሲ_ድራይቨር” የሚባል ስትራክት ነው። ስም፣ የምታውቋቸው ዕቃዎች ዝርዝር፣ እና “ፕሮብ” የሚባል ፈንክሽን ትሰጡታላችሁ። ዝርዝሩ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ ተራ የስም ዝርዝር፣ ሌላው ለዲቫይስ ትሪ፣ ቦርዱ ላይ ምን ዕቃ እንዳለ ለከርነሉ ለሚነግረው መግለጫ። ከታች “ሞጁል_አይቱሲ_ድራይቨር” የሚለውን ማክሮ ታስቀምጣላችሁ። መመዝገቡንና መሰረዙን እሱ ይጨርሳል። “ሞጁል_ላይሰንስ” ላይ ጂፒኤል ጻፉ። ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። እሱ ከሌለ የምንፈልጋቸውን ፈንክሽኖች ከርነሉ አይሰጠንም።

ከድሮ ትምህርት ኮድ የሚገለብጥ ሰው እዚህ ላይ ይደናቀፋል። ፕሮብ ድሮ ሁለት ነገር ይቀበል ነበር፤ ከከርነል 6.3 ጀምሮ ክላየንቱን፣ ማለትም ዕቃውን የሚወክለውን ስትራክት፣ ብቻ ነው የሚቀበለው። ድራይቨሩ ሲነሳ የሚጠራው “ሪሙቭ” ደግሞ ከ6.1 ጀምሮ ምንም አይመልስም። ኮምፓይለሩ ስለ ፖይንተር አይነት ከጮኸ መጀመሪያ የከርነላችሁን ቁጥር እዩ።

ፕሮብ

ፕሮብ የሚጠራው ባሱ ስማችሁን ከዕቃው ስም ጋር አጋጥሞ ሲያገኝ ነው። እናንተ አትጠሩትም። ጀማሪ ዋና ፈንክሽን ፍለጋ የሚኳትነው ይህን ስለማያውቅ ነው።

ውስጡ አራት ነገር ይበቃል። መጀመሪያ ባሱ ሁለት ባይት በአንዴ ማንበብ ይችል እንደሆነ “አይቱሲ_ቼክ_ፈንክሽናሊቲ”ን ጠይቁ። ካልቻለ ስህተት መልሳችሁ ውጡ። ሁለተኛ ለራሳችሁ መዝገብ ሚሞሪ ያዙ፤ በ“ዴቭኤም_ኬዛሎክ” ይሁን። በ“ዴቭኤም” የተያዘ ነገር ሁሉ ድራይቨሩ ሲነሳ ራሱ ይለቀቃል። ለዚህ ነው እዚህ ሪሙቭ ጨርሶ የማንጽፈው። ሦስተኛ ትንሽ ጠብቁ። ሴንሰሯ ኤሌክትሪክ እንዳገኘች የመጀመሪያ ልኬቷን እስክትጨርስ 0 ዲግሪ ነው የምትለው። በ“ኤምስሊፕ” 35 ሚሊሰከንድ መተኛት ይበቃል። አራተኛ “ዴቭኤም_ኤችደብልዩሞን” ብለው ከሚጀምሩት የመመዝገቢያ ፈንክሽኖች “ዊዝ_ኢንፎ” ብሎ የሚያበቃውን ጥሩ። ኤችደብልዩሞን ሙቀቱን ለተጠቃሚ በፋይል የሚያወጣ የከርነል ክፍል ነው። የምትሰጡት ስም ውስጥ ሰረዝና ባዶ ቦታ አይፈቀድም።

የራሳችሁን ዲቫይስ ፋይል ልፍጠር አትበሉ። አየዋለሁ፣ ብዙ ሰው ካራክተር ዲቫይስ ካልሠራ ድራይቨር የጻፈ አይመስለውም። ሙቀት መለኪያ ከሆነ ቦታው ኤችደብልዩሞን ነው። እዚያ ከሆነ “ሴንሰርስ” የሚለው ትእዛዝ ያለ ምንም ተጨማሪ ኮድ ያነበዋል።

ንባቡና ስሌቱ

ለንባብ መጨረሻው “ሪድ_ወርድ_ስዋፕድ” የሆነውን የኤስኤምባስ ፈንክሽን ተጠቀሙ። ባይቶቹን እሱ ይገለብጥላችኋል። ያልተገለበጠውን ብትጠቀሙ 25 ዲግሪው 0.06 ሆኖ ይመጣል።

ከርነል ውስጥ ነጥብ ባለው ቁጥር አይሠራም። ኤችደብልዩሞን ሙቀትን የሚፈልገው በሚሊ ዲግሪ ነው። ከሬጂስተሩ 16 ቢት ሙቀቱን የያዙት የላይኞቹ 12 ናቸው፤ አንዷ ደረጃ 0.0625 ዲግሪ ናት። ስለዚህ በ4 ቢት ወደ ቀኝ ግፉት፣ በ1000 አባዙት፣ ለ16 አካፍሉት። 1900 ሄክስ ሲገፋ በተራ ቁጥር 400 ይሆናል፤ ውጤቱ 25000 ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ ቀድማችሁ ካካፈላችሁ ክፍልፋዩ ይጠፋል።

ከመግፋታችሁ በፊት ቁጥሩን ምልክት ወዳለው 16 ቢት፣ ወደ “ኤስ16” ቀይሩት። ቡሬ ላይ ይህን ብትዘሉ ላይታወቅባችሁ ይችላል። ጮቄ ላይ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በውሸቱ ባስ ላይ 00ኢ7 ጻፉና ሞክሩት። ትክክለኛው መልስ ከዜሮ በታች 25 ነው። ጮቄም እዚያ አይደርስም፤ ለፈተና ነው። ምልክቱን የዘለለ ኮድ 231 ዲግሪ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የንባብ ፈንክሽኑ ሳይሳካለት ሲቀር ኔጌቲቭ ቁጥር ይመልሳል። ውጤቱን በ“ኢንት” ተቀበሉ፤ ከዜሮ ካነሰ ወዲያው እሱኑ መልሱ። ስሌት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ካልፈተሻችሁ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ፓይ ላይ ሴንሰሯ ስትጠፋ የሚመጣው -121 ነው። ያንን እንደ ሙቀት ካሰላችሁት ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ይወጣል። ሽቦው ተበጥሷል፣ መጋዘኑ ውስጥ በቆሎው እየጋለ ነው፣ ስክሪኑ ግን “ብርድ ነው” ይላል። የሚያስቅ ቁጥር ቢሆን ሰው ይጠራጠር ነበር፤ ይህን ግን ሰው ያምነዋል። ስህተት ሲመጣ 0 የሚመልስ ኮድም ያው ነው። ያልተለካን ነገር ተለካ አትበሉ።

ማገናኘት

ሞጁሉን በ“ኢንስሞድ” ጫኑት። ፕሮብ ካልተጠራ አትደንግጡ፤ ዕቃው እንዳለ ለከርነሉ ገና አልነገራችሁትም። አይቱሲ እንደ ዩኤስቢ ራሱን አያስተዋውቅም። ለሙከራ ጊዜ፣ በሲስኤፍኤስ (ከርነሉ ዕቃዎቹን በፋይል መልክ በሚያሳይበት ቦታ) የባሱ ማውጫ ውስጥ ያለው “ኒው_ዲቫይስ” ፋይል ላይ በስም ዝርዝራችሁ ውስጥ ለዕቃው የሰጣችሁትን ስምና አድራሻውን ጻፉ። ይህ ፓይው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለዘለቄታው ዲቫይስ ትሪ ኦቨርሌይ ያስፈልጋል፤ ውስጡ “ኮምፓቲብል” ላይ የሰጣችሁት ስም ከኮዳችሁ ጋር በፊደል ሳይዛነፍ መግጠም አለበት።

ሌላ ተርሚናል ላይ የከርነሉን መልእክት የሚያሳየው “ዲሜስግ -ደብልዩ” ክፍት ይሁን። ከገጠመ አይቱሲዲቴክት ላይ 48 የነበረበት ቦታ “ዩዩ” ይሆናል። ዕቃው በድራይቨር ተይዟል ማለት ነው። ከዚያ በኤችደብልዩሞን ማውጫ “ቴምፕ1_ኢንፑት”ን አንብቡ። አሁን ሽቦውን ንቀሉና እንደገና አንብቡ። ስህተት መምጣት አለበት፤ ቁጥር ከመጣ ወደ ስሌቱ ክፍል ተመለሱ። በመጨረሻ ሞጁሉን አንሱ፣ መልሳችሁ ጫኑ፣ ደጋግሙት። ዲሜስግ ላይ ምንም ቅሬታ መታየት የለበትም።

መጋዘን ስትገቡ

አይቱሲ የተሠራው አንድ ቦርድ ላይ ላሉ ዕቃዎች ነው። ሽቦው ሲረዝም ካፓሲታንሱ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙ) ይጨምራል፤ የባሱ ደንብ የሚፈቅደው 400 ፒኮፋራድ ነው። ጠረጴዛ ላይ የሠራው መጋዘን ውስጥ -121 ማውጣት ከጀመረ ድራይቨሩን አትንኩት። የፓይውን የባስ ፍጥነት ከ100 ኪሎኸርዝ ወደ 10 አውርዱት፤ በኮንፊግ ፋይሉ “አይቱሲ_አርም_ባውድሬት” የሚለው ነው። ሽቦው ከጥቂት ሜትር ካለፈ ግን አይቱሲን ከመጎተት፣ ጆንያው አጠገብ ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር አስቀምጣችሁ እስከ ፓይው ድረስ ለረጅም ሽቦ በተሠራው በአርኤስ 485 ብታመጡት ይሻላል። ያኔ ከርነል ውስጥ የምትጽፉት ነገር የለም፤ ፓይው የሚያየው ተራ ሲሪያል ፖርት ነው።