ክዳኗን ስትዘጉ የሚያስተኛትን ምረጡ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ደወለ። "ፓንዶራ ገዛሁ፤ ያገለገለች ናት ግን ንጹህ ናት። ምን ሲስተም ልጫንባት?" አለኝ። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ሰነበትሽ የለ። እኔም ለሥራ እየወጣሁ ስለነበር "ምንም አትጫንባት" ብዬው ዘጋሁት። ሌሊት በእረፍት ሰዓቴ ትንሽ ጸጸተኝ። መልሱ ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላውን ግማሽ፣ የትኛው ሲስተም (ኮምፒውተሯን የሚያሠራት ዋና ሶፍትዌር) መቼ እንደሚሻል፣ እዚህ ልጻፍለት።

ለማታውቋት፦ ኦፕንፓንዶራ በሁለት እጅ የምትያዝ ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ክዳኗ ሲከፈት ላይ 4.3 ኢንች የሚነካ ስክሪን፣ ታች ደግሞ ሙሉ የፊደል ሰሌዳ፣ የጌም ቁልፎችና በአውራ ጣት የሚገፉ ሁለት ትንንሽ መዘውሮች አሏት። ትልቅ ኩባንያ አይደለም የሠራት። ጥቂት ሰዎች አሰቧት፤ በ2008 መስከረም መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ደግሞ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ገና ያልተሠራች ዕቃ ላይ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፈለ። እንደ ዕቁብ በሉት። ልዩነቱ ዕጣው እስኪወጣ 2010 መድረሱ ነው።

እኔ የያኔዎቹ ከፋዮች ውስጥ የለሁበትም። ኑረምበርግ ከመጣሁ በኋላ ነው አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሸጠልኝ። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው፤ ፓንዶራዬ ከምሳ ዕቃዬ ጋር በአንድ ቦርሳ ትሄዳለች። ይህን የምናገረው ምርጫዬ ከዚያ ቦርሳ ስለሚነሳ ነው።

መጀመሪያ የትኛዋ እንዳለቻችሁ እወቁ። የመጀመሪያዎቹ 256 ሜጋባይት ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 600 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ነው ያላቸው። በኋላ 512 ሜጋባይት ያላቸው መጡ። መጨረሻ ላይ ደግሞ 1 ጊጋኸርዝ የምትባለዋ ወጣች፤ እሷም 512 ናት። ሻጭ የሚለውን አትመኑ፤ አስነሱና ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የራሙን መጠን እዩ። 256 ከሆነች ጽሑፉ ለእናንተ እዚህ ጋ አለቀ ማለት ይቻላል። ውስጧ ያለውን ሲስተም ያዙ፣ ተጫወቱ። በ256 ላይ የዛሬ ዴስክቶፕ መጫን ባጃጅ ላይ ሶፋ እንደመጫን ነው፤ ይጫናል፣ መሄዱ ነው ችግሩ።

ውስጧ ያለው ሱፐርዛክሰን ይባላል። አንግስትሮም በሚባል የሊኑክስ (ነጻ የሆነው ሲስተም) ዓይነት ላይ የተሠራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ስክሪኑን በስታይለስ (በመንኪያ እስክሪብቶዋ) እንድትነኩለት ይጠይቃል፣ ስምና የይለፍ ቃል ይቀበላል፣ ከዚያ በየትኛው ገጽ ልነሳ ይላል። ኤክስኤፍሲኢ የተለመደው ዓይነት ዴስክቶፕ ነው። ሚኒሜኑ ደግሞ የጌም ሥዕሎች ብቻ የተደረደሩበት ነው፤ ለልጅ ከሆነ እሱን ምረጡ። በኋላ መቀየር ይቻላል፣ አትጨነቁ።

የሱፐርዛክሰን ትልቁ ነገር ፒኤንዲ ነው። አንድ ጌም ከነሥዕሉ ከነመረጃው አንድ ፋይል ሆኖ ይመጣል። ሚሞሪ ካርዱ ላይ "ፓንዶራ" የሚል ፎልደር ትከፍታላችሁ፣ በውስጡ "ሜኑ" የሚል ሌላ ፎልደር። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ነው የሚጻፉት። ፋይሉን እዚያ ጣል ታደርጋላችሁ፤ በቃ፣ ሜኑው ላይ ታየ። መጫን የሚባል ነገር የለም። ስትሰለቹት ፋይሉን ታጠፋላችሁ። ጌሙ ውስጥ የደረሳችሁበት ደረጃ ግን "አፕዳታ" የሚባል ፎልደር ውስጥ ለብቻው ስለሚቀመጥ አይነካም። ከዓመት በኋላ ፋይሉን መልሳችሁ ብታስገቡት ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ዛሬ በስልኬ ላይ እንኳ እንዲህ ንጹህ አሠራር አላየሁም። ሌላ ሲስተም ከመረጣችሁ ይህን እንደምታጡት ወይም እየታገላችሁ እንደምትመልሱት እወቁ።

"ታዲያ ለምን አዲሱን ሊኑክስ በቀጥታ አንጭንም?" የሚል አለ። የአክስቴ ልጅም ሳይጠይቀኝ አይቀርም። ዋናው እንቅፋት የግራፊክስ ቺፗ ነው። ፓወርቪአር የሚባል ነው፤ ድራይቨሩ (ሲስተሙ ቺፗን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ዝግ ነው፣ ምንጭ ኮዱ ሙሉ በሙሉ አልተለቀቀም። ዝግ ድራይቨር ለተሠራለት ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ብቻ ነው የሚታዘዘው። ከርነሉን ወደ አዲስ ስትቀይሩ ሲስተሙ ይነሳል፣ ዴስክቶፑም ይመጣል፣ ባለ ሦስት ገጽታ (3ዲ) ጌሞች ግን ወይ አይከፈቱም ወይ እንደ ስላይድ ፎቶ ይሄዳሉ። ሌላም አለ። ጌም ከግራፊክስ ቺፕ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ኦፕንጂኤል ይባላል፤ ቺፗ የምታውቀው አነስ ያለውን ኦፕንጂኤል ኢኤስን ነው፤ የትልቁ ኮምፒውተር ጌም የሚፈልገው ደግሞ ሙሉውን ኦፕንጂኤል ነው። ፒቲትሴብ የሚባል የፓንዶራ ማኅበረሰብ ሰው ከሌላ ሰው ሥራ ተነስቶ በሁለቱ መሃል የሚያስተረጉም ሶፍትዌር አሳደገ። ያ ሥራ ነው ዛሬ ጂኤል4ኢኤስ በሚል ስም ሌሎች መሣሪያዎች ላይ የሚሠራው። ሰዎች ራስበሪ ፓይ በምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ የፕሌይስቴሽን ጌም የሚጫወቱበት ፒሲኤስኤክስ ሪአርምድም መጀመሪያ ለዚህች ዕቃ የተጻፈ ነው። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን የሞከሩት ሱፐርዛክሰን ላይ ስለሆነ፣ ጌሞቹ እዚያ ላይ ነው በደንብ የሚሄዱት።

ሌላ ሲስተም የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ። የሱፐርዛክሰን ብሮውዘር አርጅቷል፤ የድሮው ምስጠራ ለዛሬዎቹ ድረ ገጾች ስለማይበቃ ብዙው ገጽ አይከፈትም። ፕሮግራም መጻፍ፣ ሰነድ ማዘጋጀት፣ አማርኛ በወጉ ማንበብ ከፈለጋችሁ ደቢያን ወይም ስላክዌር (ሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች) ከሚሞሪ ካርድ ማስነሳት ይሻላል። እኔ ደቢያን የያዝኩት ለፊደላችን ብዬ ነው። ሱፐርዛክሰን ላይ የእህቴን ኢሜይል ስከፍት የሚታየኝ ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር። ደቢያን ላይ አቢሲኒካ የሚባለው ፎንት በአንድ ትእዛዝ ይገባል። (በኋላ እንዳወቅኩት የፎንቱን ፋይል ሱፐርዛክሰን ላይ የተደበቀው የፎንት ፎልደር ውስጥ መክተትም ይበቃ ነበር። ሁለት ማታ ነው ያቃጠልኩት።)

አሁን ወደ ቦርሳው። ደቢያኑን ባዘጋጀሁ ሰሞን እንደልማዴ ክዳኗን ጠቅ አድርጌ ዘጋሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ሱፐርዛክሰን ላይ ክዳኑ ሲዘጋ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ፕሮሰሰሩም እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል። እኔ ባዘጋጀሁት ካርድ ላይ ግን ለክዳኑ ጆሮ የሚሰጥ አልነበረም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለእረፍት ስከፍታት የምሳ ዕቃዬን ያህል ሞቃለች፤ ባትሪው አልቋል፤ ምሳዬ ደግሞ ቀዝቅዟል። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሲስተም ሲነገረኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ስንት ጌም ያጫውታል" አይደለም፤ "ክዳኗን ስዘጋ ያስተኛታል ወይ" ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ ቁልፎቹ ነው። ይህን ያስተማረኝ የእህቴ ልጅ ነው። ደቢያኑ እንደበራ ሰጠሁት። የሚያነበው ጽሑፍ ተከፍቶ ነበር፤ እሱ ግን ለጌም እንደሚያደርገው ቁልፎቹን መደብደብ ጀመረ። "አክስቴ፣ ገጹ ራሱ እየዘለለ ነው!" አለኝ። አልተበላሸም። የፓንዶራ የጌም ቁልፎች ለሲስተሙ የሚታዩት እንደ ተራ የኪቦርድ ቁልፍ ነው፦ ኤ "ሆም" ነው፣ ቢ "ኤንድ"፣ ኤክስ "ፔጅ ዳውን"፣ ዋይ "ፔጅ አፕ"። መዘውሮቹም እንደዚሁ። ሱፐርዛክሰን ላይ ግራው የማውሱን ቀስት ይነዳል፣ ቀኙ ጠቅ ማድረጊያ ነው፤ ሌላ ሲስተም ላይ ግን ይህን ካልነገራችሁት አያውቀውም። ስለዚህ አዲስ ካርድ ስትሞክሩ መጀመሪያ ማስታወሻ መጻፊያ ክፈቱና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ንኩ።

አንድሮይድስ? አለ፣ የ2.3 ዘመኑ። ለጉጉት ሞከርኩት። ዛሬ የምታውቁት አፕ አንዱም አይገባበትም። ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ እለፉት።

እንግዲህ አሠራሩ። ምንም ብትመርጡ ውስጧን አትንኩ፤ ከካርድ አስነሱ። ውስጣዊ ማከማቻዋ 512 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ደቢያን እንኳ ተመችቶት አይቀመጥባትም። ካርድ ስትገዙ ርካሽ አትፈልጉ። እኔ ከአንድ የኦንላይን ሻጭ "64 ጊጋባይት" የተባለ ገዝቼ እውነተኛ መጠኑ 8 ሆኖ ተገኘ። የሚያናድደው ደግሞ 8 እስኪሞላ ድረስ ምንም ምልክት አለማሳየቱ ነው። ከዚያ በላይ የጻፍኩት ሁሉ ውሃ በላው። ኤፍ3 የሚባል ነጻ መሞከሪያ አለ፤ ካርዱን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ያነባል። ሰዓታት ይወስዳል። ማታ አስጀምሩትና ተኙ።

ካርዱን ኤክስት በሚባለው የሊኑክስ ፎርማት ክፈሉት፤ ሲስተሙ የሚቀመጥበትን ክፍል ፋት በሚባለው ሌላ ፎርማት አታድርጉ። ፋት የፋይል ባለቤትነትና ፈቃድ አይዝም፣ ሊኑክስ ደግሞ ያለ እነሱ አይነሳም። ያወረዳችሁትን ሲስተም ሌላ ሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ሆናችሁ፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ካርዱ ላይ ዘርግፉት። ከርነሉንና ሲስተሙን ከየት እንደሚያነሳ ለማስነሻው የሚነግረው ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አውቶቡት ይባላል። ብዙ ጊዜ ካወረዳችሁት ጋር አብሮ ይመጣል፤ ካርዱ የመጀመሪያ ክፍል ላይ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ።

ፓንዶራ ሁለት የካርድ ቀዳዳ አላት። የግራው ነው የሚነሳው። እኔ በቀኙ ከትቼ "ይህ ሲስተም አይሠራም" ብዬ ለሰው አውርቻለሁ፤ ሼም ነው። ከዚያ በትከሻዋ ላይ ያለውን የቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ እንደያዛችሁ ማብሪያውን ግፉ። የማስነሻ ዝርዝር ይመጣል፤ ከኤስዲ ካርድ የሚለውን ምረጡ። ካልወደዳችሁት አጥፏት፣ ካርዱን አውጡ፣ አስነሷት። ሱፐርዛክሰን እንደነበረ ይጠብቃችኋል።

ከዚያ ለሦስት ቀን ጌም ሳትከፍቱ ኑሩበት። ክዳን ዝጉና ክፈቱ። ድምፁን በድምፅ መዘውሩ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ኢርፎን ሰኩ። ሙሉ ቻርጅ አድርጉና እስኪያልቅ ስንት ሰዓት እንደቆየ ጻፉ፤ የእኔ ያረጀ ባትሪ ሱፐርዛክሰን ላይ ስድስት ሰዓት ይሄዳል፣ ደቢያኑ ላይ አራት አይሞላም። ዋይፋይ ስትሞክሩ ደግሞ ዕቃዋ የምታየው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ መሆኑን አስታውሱ። የቤታችሁ ራውተር 5 ብቻ ከሆነ የትኛውም ሲስተም አያድናችሁም። የዩኤስቢ ማውስ ሰክታችሁ ዝም ካለም ሲስተሙን አትርገሙ፤ ትልቁ ቀዳዳ ፈጣን የሆነውን ዓይነት ብቻ ነው የሚቀበለው። በመሃል የዩኤስቢ 2.0 ሃብ (ማከፋፈያ) አስገቡ፣ ይሠራል።

ውስጧን እንደገና መጻፍ ያለባችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፦ ያገለገለች ስትገዙና የቀድሞው ባለቤት ያበላሸው ነገር ካለ። ያኔም የምትጽፉት ሱፐርዛክሰንን ራሱን ነው። ውስጥ ያስቀመጣችሁት ሁሉ ስለሚጠፋ ቀድማችሁ ወደ ካርድ ቅዱ። ባትሪውን ሙሉ፣ ቻርጀሩንም አትንቀሉ። እኔ 20 በመቶ ላይ ጀምሬ መሃል ላይ ጠፋችብኝ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ፤ በማግስቱ ከካርድ ሁለተኛ ጻፍኩት።

ፒራ የገዛችሁ ካላችሁ መልሱ ሌላ ነው። የፓንዶራ ተከታይ ናት፣ ከጀርመን፣ የመጀመሪያዎቹ በ2020 መጨረሻ ነው ለሰው የደረሱት። እሷ ከመነሻዋ በደቢያን ነው የምትመጣው፤ ራሟም እስከ 4 ጊጋባይት ይደርሳል፤ እኔ የምታገልላቸው ነገሮች ግማሾቹ እዚያ ተሠርተው ነው የሚጠብቋችሁ። የግራፊክስ ድራይቨሩ ጣጣ ግን አብሯት መጥቷል። ስለዚህ ከርነሏን ዝም ብላችሁ አታድሱ።

ለአክስቴ ልጅ አንድ ካርድ አዘጋጅቼ ትናንት በፖስታ ላክሁለት። ክዳኑን የሚሰማ ደቢያን ነው፣ ፎንቱም አለበት። በደማቁ እስክሪብቶ "ሥራ" ብዬ ጽፌበታለሁ፤ የጨዋታውን ራሱ ይግዛ። ፖስታው ጀርባ ላይ ደግሞ "በግራ በኩል ነው የሚገባው" የሚል አለበት።