ሞኒተርንና ቨርጂኒያን ለጠረጴዛ ውጊያ መሥራት

በትናንሽ ሞዴሎች ጠረጴዛ ላይ የሚደረገውን የብረት ለበስ መርከቦች ውጊያ ጨዋታ ለመጀመር ያሰበ ሰው በየትኞቹ መርከቦች ልጀምር ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው፤ ሞኒተርና ቨርጂኒያ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1862፣ ቨርጂኒያ ግዛት ባለው ሃምፕተን ሮድስ የባሕር ወሽመጥ ላይ ለአራት ሰዓት ያህል የተታኮሱት እነሱ ናቸው፤ ሞኒተር የሰሜኑ፣ ቨርጂኒያ የደቡቡ መርከብ። ሸራ ስለሌላቸው ከክርና ከገመድ ጋር አትታገሉም።

እኔ በ1፡600 ነው የምሠራው፤ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው መርከብ 600 ጊዜ ያንሳል። 52 ሜትር የነበረችው ሞኒተር 87 ሚሊ ሜትር ትሆናለች። ቨርጂኒያ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትመጣለች።

ከሁሉም በላይ ቁመቱን ጠብቁ። የሞኒተር ወለል ከውሃው በላይ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። በእኛ ልክ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ከውሃ በታች ያለውን ተዉት። የወለሏን ቅርጽ ከ1 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ሉህ ቁረጡና በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት። ወፍራም ሉህ ከወሰዳችሁ ሞኒተር መምሰሏ ይጠፋል።

የሚሽከረከረው የመድፍ ማማ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 4.5 ሚሊ ሜትር ቁመት አለው። ከክብ የፕላስቲክ ዘንግ ቁረጡት። በማጣበቂያ አትለጥፉት! መሃሉን ብሱና በስፒል አቁሙት። መርከበኞቹ መድፎቹን ሲያጎርሱ ማማውን ከጠላት ያዞሩት ነበር፤ ጨዋታው ላይም ይህን ማድረግ ደስ ይላል። ፊት ለፊት ያለችውን የመሪውን ትንሽ ክፍልም አትርሱ። 2 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይበቃታል። የሞኒተር አዛዥ ጆን ዎርደን ዓይኑን የተጎዳው እዚያች ውስጥ ሆኖ ነው።

የቨርጂኒያ ከባዱ ነገር ዘመም ያለው የብረት ግድግዳ ነው፤ 36 ዲግሪ ገደማ። መጀመሪያ ከወረቀት ማዕዘን ቁረጡ፣ እያንዳንዱን ጎን በእሱ እየለካችሁ አጣብቁ። ፊትና ኋላዋን ከፍ አታድርጉ፣ ውሃ ያጥባቸው ነበር። ጭስ ማውጫዋን ከወፍራም ሽቦ ሥሩ።

ቀለሙ ንጹህ ጥቁር ባይሆን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ሞዴል ላይ ዝርዝሩን ሁሉ ይውጠዋል። ጥቁር ግራጫ ቀቡ። ሲደርቅ ብሩሹን ፈካ ባለ ግራጫ ነክራችሁ በጨርቅ ጥረጉና ጠርዞቹን ብቻ ዳበስ አድርጉ። ዝገት ትንሽ ይበቃል።

ሞዴሉ የሚለጠፍበት መቆሚያ ላይ ውሃ ስትቀቡ ነጭ አረፋ አታብዙ። ሁለቱም ቀርፋፋ ነበሩ፤ ቨርጂኒያ ለመዞር ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት ነበር። በመጨረሻ የማያብለጨልጭ ቬርኒሽ ቀቡ። ስታጫውቱ መቆሚያውን ያዙ እንጂ ጭስ ማውጫውን አትንኩ።